የህፃናት መቀንጨር፦ እናትን ብቻ ለምን እንወቅሳለን?



አንድ ልጅ ከስቶ፣ ቁመቱም ከእኩዮቹ አንሶ ሲታይ በየሰፈሩ የሚሰማው ወሬ ያው ነው፤ «እናቱ አትንከባከበውም» ይባላል። የሚያዝንላት ካለ ደግሞ «ድህነት ነው፣ ምን ታድርግ» ይላል። ድህነቱ እውነት ነው፤ ግን ሁሉን በእሱ ማሳበብ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ህፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ሆኖ ተገኝተዋል። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር፣ 46 በመቶ፣ የተመዘገበው በአማራ ክልል ነበር። ጤፉም ባቄላውም ማሩም የሚመረትበት አገር መሆኑን ልብ በሉ።

ልጁ በብዛት የሚጎዳው ከስድስት ወሩ እስከ ሁለት ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው። እስከ ስድስት ወር የእናቱ ጡት ብቻውን ይበቃዋል፤ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። (እንገሩን አልቦ ደፍቶ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ አያቶቻችን በፍቅር ያደረጉት ቢሆንም መቅረት አለበት።) ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡቱን እየጠባ ተጨማሪ ምግብ ይፈልጋል። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ቀጭን አጥሚት ነው። የስምንት ኪሎ ህፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሩብ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ያንን በውሃ ከሞላነው ልጁ ጠግቦ ይተኛል እንጂ አያድግም። ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፍራም ገንፎ፣ የባቄላ ወይም የምስር ዱቄት የገባበት፣ ጠብታ ዘይት የታከለበት፣ ከተገኘም እንቁላል፣ የደቀቀ ጎመንና ዱባ ያሻዋል። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ህፃናት በዓይነትም በመጠንም ተገቢውን ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እንቁላሉማ ገበያ ይወጣል። ሽያጩ ለጨውና ለሳሙና ቢውል ባልከፋ፤ የስንቱ ቤት ገንዘብ ለጫት እንደሚሄድ ግን እናንተም እኔም እናውቃለን። እዚህ ላይ ነው ወደ ወንዶቹ የምመለሰው። ስለ ሁለት ዓመት ጡት ማጥባት ስናነሳ ሱረቱል በቀራ 233ኛውን አንቀጽ እንጠቅሳለን። ሆኖም የምታጠባዋን እናት ምግብና ልብስ እንደ አቅሙ የመቻል ኃላፊነት በአባት ላይ የተጣለው በዚሁ አንቀጽ ውስጥ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? መጀመሪያውን ለሚስታችን አንብበን ቀጣዩን ለራሳችን መዝለል ደግ አይደለም። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ቡና አፍልታ፣ ልጁን በቀን ሦስት አራት ጊዜ አብላ የምትባል ሴት እጇ ስንት ነው? በረመዷንም ቢሆን ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋች አጥቢ እናት ማፍጠር ተፈቅዶላታል። ዝርዝሩን ዑለማ ጠይቁ እንጂ «ሰው ምን ይለናል» ብላችሁ አታስጨንቋት።

ተቅማጥም ሌላው ጠላት ነው። ልጅ ሲያስቀምጠው ምግብ መከልከል የተለመደ ስህተት ነው፤ ጡቱንም ምግቡንም መቀጠል፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. ማጠጣት ይገባል።

ዛሬ ማታ ደግሞ የልጃችሁን ሁለቱንም እግሮች እዩ። ከላይ በኩል በአውራ ጣት ለጥቂት ሰኮንድ ተጭናችሁ ስትለቁ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው፤ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ፕላምፒ ነት ከታዘዘለትም ለታመመው ልጅ መድኃኒቱ ነውና ለወንድም ለእህት አታካፍሉት። ልጁን ይዞ የሚሄደውም አባት ቢሆን ምንም ነውር የለውም።