ፍሬውን ሳያዩ መትከል

በጎ ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ዋጋውን ወዲያው ይሻል ቢባል ሐሜት ይሆናል፤ ነገር ግን የደከመበት ነገር ሲያፈራ በዐይኑ ለማየት የማይመኝ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይህም ምኞት የሚነቀፍ አይደለም፤ ገበሬም ዘርቶ ሲያበቃ ቡቃያውን ለማየት በማለዳ ወደ እርሻው ይወጣል። ጭንቁ የሚመጣው ፍሬው ከሠሪው ዕድሜ፣ ወይም ከሹመቱ ዘመን በኋላ የሚደርስ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ማን ይጀምረዋል? የጀመረውስ በምን ልብ ይሠራዋል?

ወር በገባ በ5 ቀን ማለዳ ወደ ሳሪስ አቦ የሚወርድ ሰው የዚህን ጥያቄ ከፊል መልስ በመንገድ ዳር ያገኘዋል። ወደ ቃሊቲና ወደ ደብረ ዘይት የሚሄደው ሰፊ መንገድ በጭነት መኪና ጩኸት ተሞልቶ ሳለ፣ ነጠላውን ያጣፋው ሕዝብ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ወርኃዊ በዓል ሊያከብር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይጎርፋል፤ በቅጥሩ ሥር ደግሞ ነዳያን ተሰልፈው ይቀመጣሉ። ወደ ሥራዋ የምትቸኩል ሴት ከዘንቢሏ ዳቦ አውጥታ ትቈርስላቸዋለች፤ ማን እንደ በላ፣ በልቶም ወዴት እንደ ሄደ ሳትጠይቅ ተሳልማ ታክሲዋን ለመያዝ ትሮጣለች። ይህ ምጽዋት የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ ዳቦው ዛሬውኑ ስለሚበላ፣ ሰጪዋ ዘወር ብላ ባታይም መበላቱን በልቧ ታውቀዋለች። ከዚህ የሚከብደው፣ የሚበላው ሰው ገና ሳይወለድ ማዕዱን የሚያዘጋጅ ሰው ሥራ ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆን ነገር በዚያው ቅጥር ውስጥ አይታጣም። ከዛፍ ሥር ወይም ከግንብ ጥግ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ የሚያነብ ምእመን በየደብሩ ይገኛል። ዛሬ በብዙ እጅ የሚታየው ትርጉም በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመን በ1954 ዓ.ም. የታተመው ነው። ነገር ግን ብሉይንና ሐዲስን መጀመሪያ በሙሉ ወዳማርኛ የመለሰው ሰው ከዚያ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት በባዕድ አገር የሞተ፣ የሥራውን መታተም ያላየ ኢትዮጵያዊ ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት አቡ ሩሚ ይሉታል። ስሙ ያበሻ ስም አይመስልም፤ የጻፉለት ሰዎች እንደ ሰሙት አድርገው የመዘገቡት ይመስላል። ስለዚህ ይህን ያህል ሥራ የሠራው ሰው ስሙ እንኳ አጥርቶ አልቀረለትም።

አቡ ሩሚ በስተርጅናው በካይሮ ከተማ ሳለ፣ በዚያ የፈረንሣይ የቆንስላ ሹም የነበረው አስሊን ደ ሸርቪል አገኘውና ሁለቱ ሥራውን ጀመሩ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጃቸውን ዘግተው ይቀመጡ ነበር። ካረብኛው መጽሐፍ ቃል በቃል እያነበቡ፣ የከበደ ነገር ሲያጋጥማቸው ዕብራይስጡንና ጽርኡን እየመረመሩ፣ አቡ ሩሚ ወዳማርኛ ይመልሰው ነበር። ይህም ለ10 ዓመት ያህል ቀጠለ። ሲፈጸም ጽሑፉ ከ9,500 የሚበልጥ ገጽ ሆነ። ተርጓሚው ግን ብዙ ሳይቆይ በካይሮ በገባው ቸነፈር ሞተ። በፈረንጅ 1820 ዊልያም ጆዌት የተባለው እንግሊዛዊ ጽሑፉን ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ በ1824 አራቱ ወንጌሎች፣ በ1840 መላው መጽሐፍ በማተሚያ ቤት ታተመ። ተርጓሚው ከሞተ በኋላ መላው መጽሐፍ እስኪታተም ሃያ ዓመት ገደማ ማለፉ ነው።

ከዚህ ነገር መስተዋል የሚገባው የሰውየው መከራ ብቻ አይደለም። በዚያ በተዘጋ ቤት ውስጥ «ይህ ቃል አልተስማማም» የሚለው ያማርኛ አንባቢ አልነበረም። ባገሩ መጽሐፉን ደጅ ጠንቶ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ አማርኛ ለደብዳቤና ለንግግር እንጂ ለቅዱስ መጽሐፍ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሊቅም በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር። የከበደውን ምዕራፍ ዘሎ ቢያልፈው የሚይዘው፣ ሰነፍ ቃል ቢያስገባ የሚቈጣው አልነበረም። እንግዲህ ዐሥር ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ቅዳሜን ያስጠበቀው ምን ነበር? ትርጉሙ እንከን የሌለበት አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ጊዜ አርመውታል። ሆኖም ሊያርሙት የቻሉት ከዳር እስከ ዳር ተጽፎ ስላገኙት ነው። ያላለቀና የተድበሰበሰ ቢሆን ኖሮ ወራሹ ከማረም ይልቅ ጥሎት በሄደ ነበር።

ፍሬውን አላይም ብሎ በጎ ነገር የሚጀምር ሰው ስለዚህ ከሌላው ይልቅ ተጠንቅቆ መሥራት ግድ ይሆንበታል። ቤቱን ሠርቶ ራሱ የሚገባበት ሰው ጣራው ቢያፈስ በክረምቱ አይቶ ይጠግነዋል፤ ለማያውቀው ሰው የሠራ ግን ተመልሶ የሚጠግንበት ጊዜ የለውም። ባገራችን ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይታያል። «እኔ የድርሻዬን አድርጌአለሁ፤ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል አነጋገር አለ። ከትሑት ሰው አፍ ሲወጣ ያማረ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የሰነፍ መሸሸጊያ ይሆናል፤ በግማሽ የተተወ ሥራ የእምነትን ልብስ ለብሶ በሰው ፊት ይቆማል። ፍሬውን ለማየት አለመጓጓት አንድ ነገር ነው፤ ፍሬው ቢመጣም ባይመጣም ግድ አለመስጠት ሌላ ነገር ነው።

ከሳሪስ በስተ ደቡብ ያለው አቃቂም ለሹማምንት የሚሆን ነገር አለው። ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ውል በ1886 ዓ.ም. ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ገንዘብ ጐደለና ለዓመታት ቆመ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1900 ዓ.ም. ለሌላ አዲስ ውል ተሰጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባቡሩ ገና አቃቂ እንኳ አልደረሰም ነበር። በፈረንጅ 1915 አቃቂ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዋና ከተማቸውን ከባሕር ጋራ ያገናኘውን ባቡር አላዩትም ማለት ነው። አንዱ ኩባንያ ሲወድቅ ሥራው አብሮ ያልወደቀው ግን ጉዳዩ በአንድ ሰው ልብ ብቻ ሳይሆን በውልና በማኅተም ስለ ተያዘ ነው። ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚዛወር ሹም የጀመረውን በጎ ሥራ በቃሉ ብቻ ነግሮ ቢሄድ፣ ተተኪው ነገሩን እንደ አዲስ ይጀምረዋል፤ ወይም አይጀምረውም። የተስተካከለ መዝገብ ትቶ የሄደ እንደ ሆነ ግን ስሙ ባይነሣም ሥራው ይቀጥላል።

አሁን በየዓመቱ ክረምት አገሩን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የችግኝ ተከላም በዚህ ሚዛን ቢመዘን መልካም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። በዚያን ቀን ሚኒስትሩም ተማሪውም ካህኑም በጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ መትከሉ የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን ችግኝ መትከል ሁለት ዐይነት ተካይ ያፈራል። አንዱ ዋጋውን በዚያው ቀን ተቀብሎ የሚሄድ ነው፤ ፎቶግራፍ ተነሥቷል፣ ቍጥሩ በሪፖርት ገብቷል፣ ለእርሱ ፍሬው ያው ነው። ሁለተኛው ግን ጥድና ወይራ የሚተክል ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሩ የገባው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገዶና ለቤት ሥራ ይደርሳል፤ ጥድ ግን የተካዩን የልጅ ልጅ ይጠብቃል። በሰሜኑ አገር ደን ተመንጥሮ ባለቀበት ወረዳ ሁሉ የጥንቱ ጥድና ወይራ ቆሞ የሚታየው ባብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ያን ዛፍ የተከሉትና ከምሳር የጠበቁት አባቶች በጥላው አልተቀመጡበትም፤ ስማቸውንም የሚያውቅ የለም። ካህናት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ችግኝን የሚገድለው ደግሞ የሚታወቅ ነው። ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ ይደርቃል፤ ፍየልና በግ ይገባበታል፤ አረሙ ይውጠዋል፤ በከተማ ዳር ደግሞ መንገድ የሚያሰፋ ቆፋሪ ይመጣበታል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ ውኃ የሚያጠጣውና አጥሩን የሚጠግነው ሰው በማንም ፎቶግራፍ ላይ አይታይም። የበላይ ሹም ከበታቹ የሚጠይቀው «ዘንድሮ ስንት ተከላችሁ?» ብሎ ከሆነ፣ የበታቹ መትከልን ብቻ ይማራል። ይህም የበታቹ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። «የዛሬ ሁለት ዓመት ከተከላችሁት ዛሬ ስንቱ ቆሟል?» ብሎ የሚጠይቅ አለቃ ሲመጣ ግን ባልዲና ዘበኛ በበጀት ውስጥ መግባት ይጀምራሉ።

የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል የሚውለው መጋቢት 5 ቀን ነው። ወሩ የበጋው ጫፍ ነው፤ ፀሐዩ የሚበረታበት፣ በሐምሌ የተተከለው ሁሉ የሚፈተንበት። በዚያ ቀን ወደ ሳሪስ አቦና በስማቸው ወደ ተሠሩት ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ቍጥሩ የበዛ ሕዝብ ይወርዳል። የደብር አስተዳዳሪዎች ከቀበሌው ሹማምንት ጋራ ተስማምተው በቅጥሩና በመንገዱ ዳር ያለውን ችግኝ አስቀድመው ቢያስቈጥሩ፣ ለበዓሉ የሚመጣውም ምእመን ከጧፉና ከዳቦው ጋራ አንድ ጣሳ ውኃ ይዞ እንዲመጣ በዋዜማው በዐውደ ምሕረት ቢያስታውቁ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ቍጥሩም በደብሩ መዝገብ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው መጋቢት የሚሾመው አስተዳዳሪ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።