ይምርሐነ ክርስቶስ እስኪቃጠል ነው የምንጠብቀው?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገሬ ሰው። የላስታው ወርቃችን ግን ከመዳብም የተቆጠረ አይመስልም።

ከላሊበላ ከተማ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥግ በጥዱ መሀል ሽቅብ የወጣ ሰው አንድ ትልቅ ዋሻ ያገኛል። በዋሻው ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ያሠራው በስሙ የሚጠራው የዛጉዌ ንጉሥ ነው፤ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠ። ከጀርባው በዚያው ዋሻ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተከምሯል። አባቶች ከሩቅ አገር የመጡ ምእመናን ናቸው ይላሉ።

ይህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት አልተፈለፈለም። በአክሱሞች ሥልት እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የታነጸ ነው። ኮርኒሱም ያጌጠ እንጨት ነው። አለት አይነድም፤ በዋሻ ውስጥ ከ800 ዓመት በላይ ዝናብ ሳይነካው የደረቀ እንጨት ግን አንድ ጧፍ ይበቃዋል።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የፓሪሱ ኖትርዳም ሲነድ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ወንዙ በአጠገቡ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው በመቶዎች፤ የእንጨት ጣራው ግን ባንድ ምሽት ወደመ። ፈረንሳዮች ገንዘብ አላቸውና አድሰው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከፈቱት። እኛስ በምን አቅማችን?

«ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ የለም እንዴ፣ ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። የቆየው እኮ ካህናቱና ገበሬው ስለጠበቁት ነው። እነሱም ቢሆኑ ጦርነት ያየ አካባቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ ከርማለች።

ለላሊበላ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ መጠለያ ተሠራ። መጠለያው ራሱ ስጋት ሆነብን ብሎ ሕዝቡ በ2011 ዓ.ም. ሰልፍ ወጣ። ለይምርሐነ ክርስቶስ ግን ሚሊዮን ዩሮ አልጠየቅንም። የቅርስ ባለሥልጣንና ቤተ ክህነት ይመልሱልን፦ እሳት ቢነሳ ማጥፊያው የታለ? ውሃውስ ከየት ይመጣል? ካህናቱን ማን አሠለጠናቸው? ሥዕሉና የእንጨት ሥራው አንድ በአንድ ተለክቶና ፎቶ ተነሥቶ የተቀመጠበት መዝገብ የት ነው?

መልስ ካለ ይነገረን፤ ደስ ይለናል። ከሌለ ዛሬውኑ ይጀመር። ኋላ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን።