ሜሮኑ ለሕፃኗ፣ ዝግጅቱ ለኬኩ

እስቲ አንድ ጥያቄ። የክርስትና ልጃችሁ የክርስትና ስም ማን ነው? ስልክ ሳትነኩ፣ እናቷ ጋ ሳትደውሉ መልሱ።

«ወለተ… ወለተ… ማን ነበር?» ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለናንተ ነው። አትቀየሙን፤ ለኛም ነው። ይህን ገጽ ከምንጽፈው መካከል ጥያቄው ሲቀርብ ወዲያው የመለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም የመለሰው ልጁ በራሱ ስም ስለተጠራ ነው።

ነገሩ የተነሣው ቡሬ ላይ ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት የአንዷ ባልደረባችን የአክስት ልጅ ሴት ልጅ ወለደችና ደወለች። «እታለም፣ ያላንቺ ማንን የክርስትና እናት አደርጋለሁ?» አለቻት። እታለምም እሺ አለች። እምቢ ማለት ነውር ነዋ! ከዚያ ሰማንያው ቀን እስኪደርስ በቀን ሁለት ጊዜ ሲደዋወሉ ከረሙ። ሀብሉ ስንት ግራም ይሁን? ቀሚሱ ነጭ ይሁን ወይስ ጥለቱ ከናትየው ጋር ይመሳሰል? ኬኩ ከባሕር ዳር ይምጣ ወይስ ፍኖተ ሰላም የሚሠራ ይገኛል? ዲኮሩስ? ቪዲዮ ቀራጩስ?

ቀኑ ደረሰ። ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ተገኙ። ቄሱ «ወደ ምዕራብ ዙሪ» አሏት፤ ዞረች። «እኔን ተከትለሽ በይ» አሏት፤ አለች። «ወደ ምሥራቅ ዙሪ» አሏት፤ ዞረች፣ አለች። በግእዝ ነው፤ አንዱም አልገባትም። ሕፃኗ ተጠመቀች፣ ሜሮን ተቀባች፣ ማተብ ታሰረላት፣ ቆረበች። ሲወጡ በሩ ላይ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ መርቀዋት ሲያበቁ «ለመሆኑ ምን ብለሽ ቃል ገባሽላት ልጄ?» ብለው ጠየቋት።

መልስ አልነበራትም። የሀብሉን ግራም ግን ታውቃለች።

ታሪኩን ስትነግረን መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። ምክንያቱም ያች ሴት እኛ ነን።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አብዛኞቻችን ምሥጢረ ሜሮንን የምናውቀው ከፊልም ነው። ነጭ የለበሱ የ12 እና የ14 ዓመት ልጆች ተሰልፈው፣ ጳጳሱ እየዞሩ ግንባራቸውን ዘይት ሲቀቡ። ይህ የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ልማድ ነው። በኛም አገር ሶዶ፣ ሆሳዕናና ሐዋሳ ያሉት ሀገረ ስብከቶች ይህንኑ የላቲን ሥርዓት ይከተላሉ። ልጁ በሕፃንነቱ ይጠመቃል፤ ካደገ በኋላ ትምህርተ ክርስቶስ ተምሮ፣ ደጋፊ መርጦ፣ ደብሩ ተዘጋጅቶ ጳጳሱን ይጠብቃል።

ይህን ስናይ ምን እንላለን? «እነሱ ደግሞ ምን ያመጣሉ! እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

አለ እንጂ! ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ፣ ከጥምቀት ጋር በአንድ ጠዋት ይፈጸማል። ቄሱ ከግንባር ጀምሮ 36 ቦታ ላይ በሜሮን ያትማል። ሜሮኑን ቄሱ አይባርከውም፤ የሚባርኩት ሊቃነ ጳጳሳት ናቸው። ስለዚህ በላቲኖቹ ዘንድ ጳጳሱ ራሳቸው ይመጣሉ፤ እኛ ዘንድ በብልቃጧ ውስጥ ይመጣሉ። ልዩነቱ በተቀባዩ ዕድሜና በቀቢው ማንነት ነው እንጂ ምሥጢሩስ አንድ ምሥጢር ነው።

ደግሞም ካቶሊክ ሁሉ ላቲን አይደለም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ከመቶው ከ98 በላዩ ኦርቶዶክስ ነው የተባለው፤ በአገር ደረጃ ካቶሊኮች 0.7 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ የፍኖተ ሰላም ልጅ ካቶሊክ ጎረቤት ሳያይ ቢያድግ አይገርምም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በጥር 2015 መቀመጫውን ባሕር ዳር ያደረገ የባሕር ዳር–ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት ተቋቁሟል፤ የመጀመሪያው ጳጳስም አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ናቸው። ሥርዓቱ የግእዝ ነው። እንዲህ ላሉት የምሥራቅ ሥርዓት አብያተ ክርስቲያናት የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 የጥንቱ ልማድ እንዲመለስ፣ ቄሱም ሜሮን እንዲቀባ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ ሥርዓት ቀኖና ደግሞ ሜሮን ከጥምቀት ጋር ተያይዞ ይሰጥ አለ። በአጭሩ ያ «የነሱ» ያልነው ነገር እኛው ሰፈር ሲደርስ እንደኛው ነው የሚፈጸመው።

እዚህ ላይ አንዳንዱ አንባቢ «አሃ! ልትሰብኩን ነው» ሳይል አይቀርም። በጎጃም ይህ ጥርጣሬ ቦታ አለው። የኢየሱሳውያኑ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ሰከላ ድረስ ዘልቆ የግዮንን ምንጭ አይቷል። ከሱ በኋላ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡን እንደገና ላጥምቅ፣ ካህናቱን እንደገና ልሹም ብሎ ስንት ደም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሰ። በሌላ በኩል ደግሞ ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ያሏቸው አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው ናቸው። ታሪካችን ሁለቱንም ይዟል። እኛ ማንንም ከየትም ወደየትም ልንወስድ አልተነሣንም። የተነሣነው አንዲት ጥያቄ ይዘን ነው፦ ላቲኖቹ ተቀባዩን ልጅ ያዘጋጃሉ። እኛ ዘንድ ተቀባዩ ጡት የሚጠባ ሕፃን ነው። ታዲያ የሚዘጋጀው ማን ነው?

መልሱ ግልጽ ነው። ወላጅና የክርስትና ወላጅ ናቸው፤ ደብሩ ነው። የምሥራቁ የካቶሊክ ቀኖና ይህን በጽሑፍ አስቀምጦታል፤ ቆሞሱ የሕፃኑን ወላጆችና የክርስትና ወላጆችን ስለ ምሥጢሩ ትርጉምና ስለሚያስከትለው ግዴታ እንዲያስተምር ያዛል። በኦርቶዶክሱም በኩል የክርስትና አባትነት ትርጉም ይኸው ነው። በሕፃኑ አፍ ሆነህ ሰይጣንን የካድክ፣ በሕፃኑ ፈንታ ያመንክ አንተ ነህ። ዋስ ነህ። ለዚህ ነው አበልጅነት እንደ ሥጋ ዝምድና የተቆጠረው፤ ለዚህ ነው በአበልጅ ቤት ጋብቻ ነውር የሆነው። አባቶቻችን ነገሩን እንደ ደም ያዩት ነበር። እኛ ግን እንደ ሚዜነት አየነው።

ባንክ ብድር ልትዋሱ ስትሄዱ ወረቀቱን ሳታነቡ ትፈርማላችሁ? የቤት ኪራይ ውል እንኳ ሦስት ጊዜ እናነባለን። ለአንዲት ነፍስ ዋስ ስንሆን ግን «ምን አሉኝ?» ብለን አንጠይቅም። ጭራሽ ፎቶው እንዳይበላሽ እንጨነቃለን።

መልስ የሚሰጡን አሉ። እናውቃቸዋለን፤ እኛም ስንላቸው ኖረናል።

«ድግሱ ባህላችን ነው።» እሺ። ጠላው ባህል ነው፤ ድፎው ባህል ነው፤ ጎረቤት ጠርቶ መመረቅ ባህል ነው። ማንም አልነካውም። ግን ሦስት ፎቅ ኬክ፣ በሕፃኗ ፎቶ የታተመ ቲሸርትና የፊኛ ቅስት የማን አያት ባህል ነው? ገጠር ላይ በሬ ሸጦ የክርስትና ድግስ የደገሰ አባት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ስትገባ ደብተር መግዣ ሲያጣ ባህሉ የት ሄደ?

«ሕፃኗ ምን ታውቃለች?» እንግዲያ እኮ ነው የምንለው! እሷ ስለማታውቅ ነው የምታውቅ ሰው ከጎኗ የሚቆመው። ያ ሰው ደግሞ እንደሷ ካላወቀ ሁለት ሕፃናት ናቸው የተጠመቁት።

«እንደ ላቲኖቹ ሲያድጉ ቢሆን ይሻል ነበር።» ይህን የሚሉ የተማሩ ወዳጆች አሉን። አይመስለንም። የ40 ቀን ልጅ ጸጋ ይገባዋል የሚለው እምነት ትልቅ ነገር ነው፤ አስቀድመህ ፈተና ካላለፍክ አትሰጥም አይልም። ደግሞም ዕድሜ መጨመር ብቻውን አላዳናቸውም። በሕይወት የሌሉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ራሳቸው ሜሮን በብዙ ቦታ የስንብት ምሥጢር ሆኗል ብለው ደጋግመው አዝነዋል፤ ልጆቹ ሜሮኑን ተቀብተው ሲያበቁ ቤተ ክርስቲያን ድርሽ አይሉምና። አየር ላይ እንደሚወረወረው የምረቃ ቆብ ማለት ነው። ስለዚህ ጣጣው ልጁ በስንት ዓመቱ ተቀባ አይደለም። ከተቀባ በኋላ ማን አብሮት ቆየ ነው።

«ኧረ ተዉን፣ በዚህ ጊዜ ስለ ክርስትና እናት ታወራላችሁ?» አዎ፣ በዚህ ጊዜ! ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተማዋ መሐል ላይ ፍንዳታ ደርሶ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሰዎች ለዜና ተቋማት ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ስንቱ መንገድ ተዘግቶ ከረመ፤ ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ስንት ልጅ አባቱን አጣ? ስንቷ ከናቷ ጋር ተፈናቀለች? የክርስትና አባት የተሠራው ለዚህ ቀን አይደለም እንዴ? ሥጋዊው ወላጅ ሲወድቅ አንድ ሰው «እኔ አለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ» ብሎ እንዲነሣ ነው። እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን ለልደቷ በቴሌብር 500 ብር ልከን ተወጣነው ብለናል። ስልኩ የተቋረጠ ጊዜ ደግሞ እሷም ጠፋችን። ሲመለስም ቶሎ አልደወልንም። እውነቱን እንናገር ካላችሁ እውነቱ ይህ ነው።

ለማጉረምረም ብቻ አልመጣንም። የምንጠይቀው ይህን ነው።

ለካህናቱ፦ ንስሐ አባቶች ወላጆቹንና የክርስትና ወላጆቹን ከ40ው ወይም ከ80ው ቀን በፊት ሦስት ማታ ይጥሯቸው። ብዙ አይደለም፤ ለዲኮር ከምንሰጠው ጊዜ ያንሳል። የምንለውን የክህደትና የእምነት ቃል በአማርኛ ያንብቡልን። ሜሮን ምን እንደሆነ ይንገሩን። ጎጃም እኮ የዋሸራና የጎንጅ አገር ነው፤ አስተማሪ ጠፍቶ አይደለም። ያልገባንን ሰዎች «ተከተሉኝ» ማለት ይብቃ። መልስ የሌለው ሰው ከመጣ ደግሞ «ልጄ፣ ሌላ ሰው አምጡ» ለማለት አይፈሩ። ያን ቀን ብንከፋም በኋላ እናመሰግናለን።

ለወላጆች፦ የክርስትና ወላጅ ስትመርጡ ኪሱን አትዩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን፣ ከውጭ አገር የሚልከውን አታስቀድሙ። ታች ቤት ያለችው ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምረው ልጅ ሀብል አትገዛም ይሆናል፤ ግን ልጃችሁን በስሟ ትጠራታለች።

ለኛ፦ እምቢ ማለትን እንልመድ። የማንወጣውን ቃል አንግባ። ከገባንም ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ ጾም የሚጀምርበት ጊዜ ሲደርስ፣ አጠገቡ ተቀምጠን «አንተ ሳታውቅ በአንተ ፈንታ ይህን ብዬ ነበር፤ አሁን ራስህ ስማው» እንበለው። ሀብሉ ያን ጊዜ ይሰጥ። ላቲኖቹ አንድ ዓመት የሚያስተምሩትን እኛ ሰባት ዓመት ተሰጥቶን አባከንነው።

ያች ባልደረባችን በመጨረሻ የክርስትና መጽሐፉን በአማርኛ ፈልጋ አነበበች። ከዚያ ቡሬ ደወለች። ልጅቷ አድጋለች፤ ስልኩን ተቀበለችና «ማነሽ?» አለቻት።

«የክርስትና እናትሽ ነኝ።»

«ሀብል የሰጠሽኝ?»

አዎ፣ እሷው ናት። ከሀብሉ ሌላ የሰጠቻት ነገር አልነበረም። አሁን እሁድ እሁድ ትደውላለች። ልጅቷ ብዙም አታወራም፤ ገና አላመነቻትም። ይገባታል።

እናንተስ? ስሟን አስታወሳችሁ? ካላስታወሳችሁ ይህን ገጽ ዝጉና እናቷ ጋ ደውሉ።

ቸር ይግጠመን።