«ሱብሓነላህ» ካልን በኋላስ?



በኖርዌይና በሰሜን ዋልታ መካከል ስቫልባርድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ባሕሩ በተራሮች መሃል እየሰነጠቀ ወደ የብስ ይገባል፤ ፊዮርድ ይሉታል። የበረዶ ግግሮች ድንጋይ እየፈጩ የሚያወርዱት ደለል ከሥሩ ይነጠፋል። ጭቃው ዓመቱን ሙሉ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ሕይወት ያለበት አይመስልም።

ግን በአንድ የሻይ ማንኪያ ጭቃ ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች አሉ። ከዚያ ከተገኙት አንዷ ዴሱልፎታሊያ ሳይክሮፊላ ትባላለች። ኦክስጅን አያስፈልጋትም፤ በእሱ ፋንታ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ሰልፌት ትጠቀማለች። ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ላይ እንኳ ታድጋለች። እንዴት? ቅቤ በብርድ ይረጋል፣ ዘይት ግን ይፈሳል። ብርድ ወዳድ ባክቴሪያዎችም የሕዋሳቸው ሽፋን ስብ ወደ ዘይቱ ያደላ ስለሆነ አይደርቅም።

የበለጠ የሚገርመው ሌላ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት ተመራማሪዎች ይህን ጭቃ እስከ 50 ዲግሪ ገደማ አሞቁት። ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች ነቁ! በብርዱ ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ለብሰው፣ ስፖር ሆነው ተኝተው ነበር። ተመራማሪዎቹ ከምድር ሥር ካለ ሞቃት ስፍራ የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ።

ሱብሓነላህ! እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንበል። ይህን የሰማ ከመካከላችን አንዱ ሱረቱል ከህፍን አስታውሶ፣ «ቁርኣን ስለ ተኙት ባክቴሪያዎች አስቀድሞ ተናግሯል» የሚል ፖስት ሠርቶ ሊለቅ ይችላል። ሺዎችም ሼር ያደርጉታል። እኛ ይህን አንደግፍም።

«ሰው በዚህ ኢማኑ ቢጨምር ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ችግር አለው። የዋሻው ወጣቶች ታሪክ አላህ ለባሮቹ ያሳየው ልዩ ተዓምር ነው፤ የስፖር መተኛትና መንቃት ደግሞ በፍጥረት ላይ ያኖረው የዘወትር ሥርዓት ነው። ሁለቱን ስናደባልቅ አላህ ያላለውን ብሏል ማለታችን ነው፤ ይህ ቀላል ወንጀል አይደለም። በተጨማሪም ሳይንስ ነገ ራሱን ያርማል። ያን ጊዜ ኢማኑን በፖስት ላይ የገነባ ወጣት ምን ይይዛል? ሱረቱል ሑጁራትም ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል።

ቁርኣን ፍጥረትን እንድናስተነትን ደጋግሞ ይጠራናል። ማስተንተን ግን ሼር መጫን አይደለም። እነዚያ ሰዎች በብርድ ጭቃ ቆፍረዋል፣ ለክተዋል፣ ደግመው ሞክረዋል። እኛ ውጤቱን በሁለት ሰከንድ እናሰራጫለን።

ስለዚህ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የምትማሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ትምህርታችሁን ለፈተና ብቻ አትያዙት። ኒያችሁን አስተካክሉና የአላህን ፍጥረት ለማወቅ ተማሩት። ሌሎቻችን ደግሞ ሼር ከማድረጋችን በፊት እንጠይቅ፦ ማን አጠናው? እንዴት አወቀ? «ሱብሓነላህ» ከምላስ አልፎ ልብ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።

ወላሁ አዕለም።