የጎደለን ጉንጭ ስለ መሙላት

ሰው ባልንጀራውን የሚለየው በፊቱ ነው። ደስታና ኀዘን፣ ጤናና ሕመም፣ ወጣትነትና እርጅና ከሁሉ አስቀድመው የሚታዩት በፊት ላይ ነውና። ከፊትም ይልቁንም ጉንጭ የሰውነትን ምቾትና ክሳት ቶሎ ይናገራል። ስለዚህ የጎደለውን ጉንጭ በመርፌ የሚሞላ የሕክምና ጥበብ በዓለም ላይ በተስፋፋበት በዚህ ዘመን፣ ነገሩን የጌጥ ወዳጆች ጨዋታ ነው ብሎ በንቀት ማለፍ፣ ወይም የሥልጣኔ ፍሬ ነው ብሎ ሳይመረምሩ መቀበል፣ ሁለቱም ከማስተዋል የራቁ ናቸው። ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ያሰብነው፣ በአንድ ወገን ሕግን የሚያወጡና የሚያስፈጽሙ ሹማምንት፣ በሌላው ወገን የሕዝብን ጭንቀት በምሥጢር የሚሰሙ ካህናት፣ ነገሩን ከሥሩ ቢያውቁት ይጠቅማል በማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ጉንጭ የሚጎድልበትን ምክንያት መግለጽ ይገባል። ከፊት ቆዳ በታች ያለው ስብ እንደ ምንጣፍ ባንድነት የተነጠፈ አይደለም፤ በየክፍሉ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። ሰው በዕድሜ እየገፋ ሲሄድ በጉንጭ ጥልቀት ያለው ስብ ይቀንሳል፤ ከርሱም በታች ያለው አጥንት በጥቂቱ ይሸሻል፤ ቆዳውም ጥንካሬውን አጥቶ ይላላል። ምሰሶው ያጠረበት ድንኳን እንደሚረግብ ሁሉ ጉንጭም ወደ ታች ይወርዳል፤ ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ዳር ያለው እጥፋትም ይጎላል። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት እንጂ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ጉንጭ የሚጎድለው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በበሽታና በመድኃኒት ምክንያትም ይጎድላል። ይህንንም ከታች እንገልጻለን።

ሐኪሞች የጎደለውን ፊት ለመሙላት መድከም ከጀመሩ ከ130 ዓመት በላይ ሆኗል። በ1893 ኖይበር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከበሽተኛው ከራሱ ክንድ ስብ ወስዶ በፊቱ ላይ የነበረውን የጎደጎደ ጠባሳ ሞላበት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በቪየና ከተማ ሮበርት ጌርሱኒ የተባለው ሐኪም ከነዳጅ የሚወጣውን ቫዝሊንና ፓራፊን አቅልጦ በመርፌ ወደ ሰውነት የማስገባትን ዘዴ አስታወቀ። ዘዴው ቀላልና ርካሽ ስለ ሆነ በአውሮፓና በአሜሪካ ቶሎ ተስፋፋ። ዳሩ ግን ጊዜ ባለፈ ቍጥር ያ እንደ ሰም ያለው ነገር ከገባበት ስፍራ እየሸሸ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት እያወጣ፣ አንዳንዱንም ሰው እያቆሰለ መጣ። በውበቷ የታወቀችው፣ በኋላም የእንግሊዙ የማርልቦሮ መስፍን ሚስት የሆነችው ግላዲስ ዲኮን፣ ለአፍንጫዋ ያስገባችው ፓራፊን ወደ ታች ወርዶ መልኳን አበላሽቶባታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ፈሳሽ ሲሊኮን ተነሣ። እርሱም ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ እብጠትና ቁስል የሚያመጣ፣ አንድ ጊዜ ከገባም ፈጽሞ ለማውጣት የሚያስቸግር ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈሳሽ ሲሊኮን ፊትን ለመሙላት እንዲወጋ ፈቅዶ አያውቅም። ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። በዚህ ሥራ ጥቅሙ ፈጥኖ ይታያል፤ ጉዳቱ ግን ዘግይቶ ይመጣል። ዛሬ በመስተዋት ፊት ደስ ያሰኘ ነገር ከ10 ዓመት በኋላ ሊያስለቅስ ይችላል።

የዛሬዎቹ መሙያዎች ከቀድሞዎቹ እጅግ ይሻላሉ። በ1981 ከከብት ቆዳ የተዘጋጀ ኮላጅን በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ነገር ግን የአንዳንዱን ሰው ሰውነት የሚያስቈጣ ስለ ሆነ አስቀድሞ በክንድ ላይ መሞከር ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለው መጣ። ይህን ነገር በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ሊቃውንት በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከከብት ዓይን ውስጥ አገኙት። በሰውም ቆዳ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ሲሆን፣ ጠባዩ ውሃን ስቦ መያዝ ነው። እንዳለ ቢገባ ሰውነት በጥቂት ቀን ስለሚያፈርሰው፣ ሠሪዎቹ እርስ በርሱ እንዲተሳሰር አድርገው እንደ ረጋ ሙጫ ያዘጋጁታል። ከዚህ ወገን የመጀመሪያው መሙያ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2003 ነው፤ በዕድሜ የጎደለውን ጉንጭ ለመሙላት ተብሎ ቮሉማ የተባለው የተፈቀደው ደግሞ በ2013 ነው። ይህም እስከ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ሥራው ለዘወትር የሚጸና አይደለም፤ የወደደው ሰው እንደ ገና መመለስና እንደ ገና መክፈል ይኖርበታል ማለት ነው።

አሁን የዚህን ጥበብ እውነተኛ ጥቅም ወደሚያሳየው ነገር እንለፍ። ከ1996 ጀምሮ የኤች አይ ቪን በሽታ በኅብረት የሚገቱ መድኃኒቶች በተገኙ ጊዜ፣ የሞት ፍርድ የተቀበሉ ይመስሉ የነበሩ ብዙ ሰዎች በሕይወት ቆዩ። ነገር ግን ከነዚያ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ይልቁንም ስታቩዲን የተባለው፣ የፊትን ስብ ያጠፉ ነበር። በሽተኛው አቅሙ ተመልሶለት ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ጉንጩ ግን እስከ አጥንቱ ይጎደጉድ ነበር። ያን ፊት ያየ ሁሉ በሽታውን ስለሚገምት፣ በልቡ የሰወረው ምሥጢር በአደባባይ ይነበብበት ነበር። መድኃኒቱን ቢለውጥም የጠፋው ስብ ቶሎ አይመለስም፤ ብዙ ጊዜም በሙሉ አይመለስም።

ስለዚህ ፖሊ ላክቲክ አሲድ የተባለው መሙያ፣ ይኸውም ቁስል ከተሰፋ በኋላ በራሱ ከሚሟሟው ክር ጋር ወገኑ አንድ የሆነው፣ በ2004 በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ በመጀመሪያ የተፈቀደው ለውበት ፈላጊዎች ሳይሆን ለእነዚህ ሕሙማን ነበር። በ2006ም በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር የሚመሳሰል ሌላ መሙያ ለዚሁ ጉዳይ ተፈቀደ። በ2010 ደግሞ ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ የፊታቸው መጎደል ለመንፈስ ጭንቀት ላበቃቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን የሕክምናውን ዋጋ እንዲከፍል ተወሰነ። እንግዲህ መንግሥት መርምሮ ገንዘብ የሚያወጣበትን ሕክምና ከንቱ ጌጥ ነው ብሎ መናቅ አይቻልም።

ይህ ነገር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ2005 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መታደል ሲጀመር፣ ስታቩዲን በመጀመሪያው ረድፍ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነበር። ዋጋው ርካሽ ስለ ነበረም የብዙ ሰው ሕይወት ተርፎበታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ሁሉ ይህን መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ፤ በአገራችንም በሌላ ተተካ። ነገር ግን ነፍሳቸውን ያተረፈው መድኃኒት ጉንጫቸውን የወሰደባቸው ወገኖች ከመካከላችን አልጠፉም። ያገራችን ሰው «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይላል፤ ለእነዚህ ግን በስም መደገፍ አይበቃቸውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ፊቱን ለመታከም አስቦ ምክር ሲጠይቅ፣ አማካሪው ምክንያቱን ሳይሰማ በከንቱ ውበት ሊወቅሰው አይገባም። ማንም ሰው የፊቱን መጎደል ምክንያት ለአላፊ አግዳሚ የማስረዳት ግዴታ የለበትም።

ይሁን እንጂ መልካም ምክንያት ብቻውን ከአደጋ አያድንም። ፊት በደም ሥር የተሞላ ስፍራ ነው። መሙያው ወደ ደም ሥር ቢገባ መንገዱን ይዘጋል፤ ደም ያጣውም ቆዳ ጠቍሮ ይሞታል። የፊት የደም ሥሮች ከዓይን የደም ሥር ጋር የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ መሙያው በግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ ዓይን ቢደርስ ሰውዬውን ያሳውረዋል፤ በዚህ የጠፋ ብርሃንም ብዙ ጊዜ አይመለስም። አደጋው ከሁሉ የሚያሰጋው በአፍንጫና በቅንድቦች መካከል ቢሆንም ጉንጭም ከዚህ ነጻ አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ለደረሰበት ሰው ግን የቍጥሩ ማነስ አያጽናናውም። ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚያሟሟ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ መድኃኒት አለ፤ ፈጥኖ ከተሰጠ ቆዳውን ሊያድን ይችላል። ከሌላ ነገር የተሠሩትን መሙያዎች ግን አያሟሟም። እንግዲህ የፊትን የደም ሥር ሳይማር፣ ማሟሟያውንም ባጠገቡ ሳያኖር መርፌ የሚያነሣ ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ በገደል አፋፍ እንደሚሮጥ ነው፤ የሚወድቀው ግን እርሱ ሳይሆን ፊቱን አምኖ የሰጠው ሰው ነው።

ባለጸጎቹ አገሮች እንኳ ይህን ነገር በሕግ ለመያዝ ዘግይተዋል። በእንግሊዝ አገር ሰር ብሩስ ኪዮ የተባሉት ታላቅ ሐኪም በመንግሥት ታዘው ነገሩን ከመረመሩ በኋላ፣ መሙያ የሚወጋ ሰው ያለው የሕግ መጠጊያ እስክሪብቶ ወይም የጥርስ ብሩሽ ከሚገዛ ሰው እንደማይበልጥ በ2013 አስታወቁ። ከዚህ በኋላ 8 ዓመት አልፎ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለውበት ሲባል መሙያ መውጋት በ2021 ተከለከለ፤ በ2022 ደግሞ ሥራው በፈቃድ ብቻ እንዲሠራ ለማዘዝ የሚያስችል ሥልጣን በሕግ ተሰጠ። በአሜሪካም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ሰዎች መሙያን ራሳቸው ገዝተው እንዳይወጉ፣ ያለ መርፌ በግፊት በሚያስገባ ብዕር መሰል መሣሪያም እንዳይጠቀሙ በ2021 አስጠንቅቋል።

የሌላው መዘግየት ለእኛ ትምህርት ሊሆነን ይገባል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። በ2019 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የሕክምና መሣሪያዎችን ጭምር ለቍጥጥር የሚያውል ስለ ሆነ፣ ባለሥልጣኑ ሥራውን የሚጀምረው ከባዶ አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች እንዲታሰቡ እናሳስባለን። አንደኛ፣ መርፌው ስለ ፊት የአካል ክፍሎች በተማረና ፈቃድ ባለው የሕክምና ባለሙያ እጅ ብቻ ይሁን፤ ጠጉር በሚሠራበትና ጥፍር በሚቀባበት ቤት አይገኝ። ሁለተኛ፣ የመሙያው ስም፣ ሠሪውና የማብቂያ ቀኑ ለታካሚው በጽሕፈት ይሰጠው፤ ችግር ቢደርስ ሌላ ሐኪም የገባውን ነገር እንዲያውቅ። ሦስተኛ፣ ፊታቸው አድጎ ያልጨረሰ ልጆች ለውበት ሲባል አይወጉ። አራተኛ፣ በበሽታ ወይም በመድኃኒት ጉንጫቸው የጎደለ ሰዎች ጉዳይ ከውበት ገበያ ተለይቶ እንደ ሕክምና ይታይ።

ሰው በፊቱ ላይ የዕድሜውን ምልክት ቢጠላ ወይም ቢወድ የራሱ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ፍርድ የምንሰጥ አይደለንም። የሹማምንት ሥራ የሰውን ምኞት መመርመር ሳይሆን መርፌውን የያዘውን እጅ መመርመር ነው። ያ እጅ የተማረ፣ የታወቀና በሕግ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ጥበቡ ላዘነ ፊት መጽናኛ ይሆናል፤ ያልተማረና የማይጠየቅ ከሆነ ግን ጉንጭ እሞላለሁ ሲል ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ሥልጣን ያላቸው ሁሉ አንድ ሰው ብርሃኑን አጥቶ ለአቤቱታ እስኪመጣ ድረስ ሳይጠብቁ፣ ይህን ጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ እንዲያስቡበት እናሳስባለን።