ነገርን ከሥሩ፤ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ወዳጆችና ስለ ከባዱ ሙዚቃ

የቪዲዮ ጨዋታ ከሚወዱት ወጣቶች ብዙዎቹ ሄቪ ሜታል ወደሚባለው ከባድ ሙዚቃ፤ እንዲሁም ሬዲዮ ወደማያሰማው፤ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ወደሚተላለፈው ሙዚቃ ያዘነብላሉ። ይህን ያዩ አባቶችና መምህራን ምክንያቱን ለመናገር አይቸገሩም። ልቡ የጨለመ ልጅ የጨለመ ጨዋታ ይመርጣል፤ የጨለመ ጨዋታ የሚጫወትም የጨለመ ዜማ ይሻል ብለው ይፈርዳሉ። ፍርዱ አጭር ነው፤ ለመናገርም ይቀላል። ነገር ግን የአገር ሰው ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይላል፤ ይህም ፍርድ ከሥሩ ቢመረመር የማይቆም ሆኖ ይገኛል።

አስቀድሞ የድምፁ ነገር ይመርመር። ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1983 በጃፓን ያወጣው፤ በ1985 ወደ አሜሪካ የተሻገረው የቤት መጫወቻ አምስት የድምፅ መስመር ብቻ ነበረው። ሁለቱ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ሞገድ፤ አንዱም ሦስት ማዕዘን ሞገድ ያወጣሉ፤ አራተኛው ቃና የሌለው ሹሹታ ነው፤ አምስተኛው አጫጭር የተቀዳ ድምፅ ያሰማል። ስፍራውም እጅግ ጠባብ ነበረ። ሱፐር ማሪዮ ብሮስ የተባለው የ1985 ጨዋታ፤ ሥዕሉም ሥርዓቱም ዜማውም በአንድነት 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ዜማ ደራሲው እንግዲህ ምን ያድርግ? ሰፊ ኅብረ ድምፅ ለማሰማት መስመር አይበቃውም፤ ስለዚህ ድምፆቹን አንድ በአንድ እጅግ አፍጥኖ ያከታትላቸዋል፤ ጆሮም እንደ አንድ ይሰማቸዋል። ረጅም ድርሰት የሚያኖርበት ስፍራ የለውም፤ ስለዚህ አጭርና ብርቱ ሐረግ ጽፎ ይደጋግመዋል፤ መቶ ጊዜ ቢደገምም እንዳይሰለች አጥብቆ ይሠራዋል። ፈጥኖ የሚከታተል ድምፅ፤ አጭር ተደጋጋሚ ሐረግ፤ ከሥር የሚሮጥ ወፍራም ድምፅ፤ ሄቪ ሜታልም የሚሠራው ከእነዚሁ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር አለ። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ በማጉያው ውስጥ ከልክ በላይ ሲገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቈረጣል፤ ክብ የነበረውም ሞገድ ወደ አራት ማዕዘን ይቀርባል። የሄቪ ሜታል ጊታር ሻካራነት የሚመጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ ያ ትንሽ መጫወቻ ከአሠራሩ የተነሣ የሚያወጣውን የሞገድ ቅርጽ ጊታረኛው በኃይል ገፍቶ ያወጣዋል ማለት ነው። በ8 ዓመቱ ካስልቬኒያን ወይም ሜጋ ማን 2ን ሲጫወት የዋለ ልጅ በ15 ዓመቱ ይህን ጊታር ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እርሱ ግን ያንን አገር በልጅነቱ አይቶታል።

ሁለተኛው ምክንያት ከጨዋታ ሠሪዎቹ ዘንድ ይገኛል። በ1993 በአሜሪካ በቴክሳስ ኢድ ሶፍትዌር የተባለው ማኅበር ዱምን ሲያወጣ፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው የሄቪ ሜታል ወዳጆች ስለ ነበሩ ዜማ ደራሲው ቦቢ ፕሪንስ በዚያው መንገድ እንዲጽፍ አደረጉ። ከዚያው ማኅበር በ1996 ለወጣው ለኩዌክ ዜማውን የጻፈው ትሬንት ሬዝነር ነው፤ እርሱም ናይን ኢንች ኔይልስ በተባለው ቡድኑ አስቀድሞ የታወቀ ነበረ። በጃፓንም የፋይናል ፋንታሲ ዜማ ደራሲ ኖቡዎ ኡኤማትሱ ብላክ ሜጅስ ከተባለው ቡድን ጋር የጨዋታውን ዜማዎች በከባድ ሮክ ስልት አድርጎ በ2003 አሳተመ። እንግዲህ ብዙ ጊዜ ልጁ ሙዚቃውን ፍለጋ አልወጣም፤ ሙዚቃው በጨዋታው በር ገብቶ ወደ እርሱ መጣ እንጂ።

ምናልባት፤ ጨዋታዎቹ የደም ጨዋታዎች ናቸውና ሙዚቃውን የሚጠራው ደሙ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ግድያ የሌለበት ጨዋታ ይህን ሙዚቃ ባላስተማረ ነበር። ነገር ግን በ1999 የወጣው ቶኒ ሃክስ ፕሮ ስኬተር ባለ መንኰራኵር ሰሌዳ ላይ ቆሞ የመዝለል እንጂ የመግደል ጨዋታ አይደለም፤ በእርሱ ሳቢያ ግን ብዙ ልጆች ዴድ ኬኔዲስንና ጎልድፊንገርን የመሳሰሉትን የፓንክ ቡድኖች መጀመሪያ ሰሙ። የጠራቸው ጨለማ አይደለም፤ የሚሮጥ ዜማና የሚዘል ልጅ ስለ ተገናኙ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የአካሄድ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት የማይታወቁ የሜታል ቡድኖች ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በፖስታ ይልኩ ነበር፤ ወዳጆቻቸውም ቀድተው ለሌላ ያስተላልፉት ነበር። በዚያው ዘመን በኤውሮጳ የኮምፒዩተር ጨዋታ ራሱ በካሴት ይሸጥ ነበረና፤ ተማሪዎች ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እየቀዱ ይቀባበሉት ነበር። ዱምም ሲወጣ የመጀመሪያው ክፍል ማንም እየቀዳ እንዲያድለው ተፈቅዶ ነበር። በዚህ መንገድ ያደገ ሰው መልካም ነገር ሁሉ በሬዲዮ ይሰማል፤ በሱቅ መስኰት ይሰቀላል ብሎ አያምንም፤ ራሱ ይፈልጋል፤ ያገኘውንም ለወዳጁ ያካፍላል። በጨዋታ የለመደውን ፍለጋ በሙዚቃም ይቀጥላል።

አራተኛውን ምክንያት የፈጠሩት ግን ከሳሾቹ ራሳቸው ናቸው። በ1985 የአሜሪካ ሴኔት ስለ ሮክና ስለ ሄቪ ሜታል ዘፈኖች ክፋት ምስክር ሰማ፤ በ1993 ዴሴምበር 9 ቀን ደግሞ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ክፋት ሰማ፤ ዱም የወጣውም በማግሥቱ ነው። በ1999 በኮሎራዶ ሁለት ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው 12 ተማሪዎችና 1 መምህር በገደሉ ጊዜ፤ ዱምና ማሪሊን ማንሰን የተባለው ዘፋኝ በአንድ ላይ ተከሰሱ። ገዳዮቹ ዱምን መጫወታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህንኑ ጨዋታ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ተጫውተው እጃቸውን በማንም ላይ አላነሡም። በጨዋታ አውጪዎች ላይ የቀረበውንም ክስ የፌዴራል ዳኛ በ2002 ዘጋው። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ በአንድ ወንበር ላይ አብረው የተከሰሱ ሁለት ሰዎችም ቀድሞ ባይተዋወቁ እንኳ ወዳጆች ሆነው ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ ማለት ግን ነቀፋ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ከወዳጆቹ ወገን አንዳንዶቹ፤ ከባድ ሙዚቃ የሚሰማ ከሌላው ሰው ይልቅ አስተዋይ ነው ብለው ይታበያሉ፤ ይህ ደግሞ ከከሳሾቹ ፍርድ የማይሻል ከንቱ ውዳሴ ነው፤ ለመውደድ ጆሮ እንጂ ልዩ አእምሮ አላስፈለገውምና። እንዲሁም እንቅልፍን እስኪያጠፋ የሚጫወት ልጅ ሊገሠጽ ይገባዋል። የፈሰሰ ደም የሚታይበትን ጨዋታ ለሕፃን መግዛት ጥፋት ነው፤ የጥፋቱ ባለቤት ግን ሕፃኑ ሳይሆን ገንዘቡን የከፈለው አባት ነው። በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ጨዋታው ለስንት ዓመት ልጅ እንደ ተገባ በማኅደሩ ላይ ይጻፋል፤ ሳያነብ የገዛ ሰው በሙዚቃው ላይ ቢያማርር ማን ይሰማዋል?

እንግዲህ ተግሣጽ በእውነት ላይ ይመሥረት። አንድ ልጅ በጆሮው ልማድና በጓደኞቹ ፍቅር የያዘውን ነገር አባቱ የልብ ጨለማ ነው ቢለው፤ ልጁ አባቱ እንደማያውቅ ያውቃል። ሙዚቃውን ግን አይተውም፤ የሚተወው አባቱን መስማት ነው። ነገ አባቱ ስለ መጠጥ፤ ስለ ክፉ ባልንጀራ፤ ስለ ትምህርቱ የሚናገረው ቃል እውነት ቢሆንም፤ ያን ጊዜ የሚሰማ ጆሮ አያገኝም። ከአንድ ዘፈን ጩኸት ይልቅ ይህ እጅግ ያስፈራል።