አዲሱ ፒካፕ ቆላ ሲወርድ

ልጅዎ አዲስ ፒካፕ ገዝቶ ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ማመላለስ ከጀመረ፣ አንድ ቀን አብረውት ይሂዱ። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጥ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ሳንቲም የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰሙ፣ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቀዋል» ቢልዎ አይቀበሉት።

ናፍጣ ከሆነ ጠዋት ሲነሳ ትንሽ መንኳኳት ተፈጥሮው ነው። የቤንዚን ሞተር ግን እንዲህ የሚጮኸው፣ የታመቀው ነዳጅ ከፊሉ የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ሲፈነዳ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ዝም ሊል ይችላል። ሸዋሮቢት 1,300 ገደማ ነው፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይበረታል። ጭኖ ወደ ደብረ ሲና ሲመለስ በአራተኛ ማርሽ ከታገለ ደግሞ ይብሳል፤ ቀደም ብሎ ወደ ሦስተኛ፣ ወደ ሁለተኛ ይቀንስ።

መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ቤንዚንም ይተው። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ይህንኑ ድምፅ ያመጣል (ያውም ከማደያው በላይ እየተከፈለበት!)። ከማደያ ቀድቶ፣ ማርሽ ቀንሶም ካልጠፋ፣ ፒስተኑ ሳይበሳና ዋስትናው ሳያልፍ መኪናውን ለሻጩ ያሳይ። የዚያን ሳምንት ሽንኩርት በሌላ መኪና ይሂድ።